መርዶ በማይክሮፎን

ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቶ ድምፁን ሊያስጀምር ሲል አዛውንቷ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ምን እንደምሰማ ንገረኝ።»

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የአበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከበዛበት ከጆርጂያ ጎዳና ብዙም አይርቅም። አዛውንቷ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የሬዲዮ ዝግጅት አቅራቢ ነበሩ፤ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሆስፒታል አስተርጓሚነት ሠርተዋል። እሱ በአማርኛ ፖድካስት ያዘጋጃል። በሚያውቁት ሰፈር አንድ ጎልማሳ ራሱን አጥፍቶ ወሬው በየለቅሶ ቤቱና በየቴሌግራሙ ሲናኝ ሰነበተ። ወጣቱም «ከሐሜት በግልጽ መነጋገር ይሻላል» ብሎ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ቀረጸ። ሊለቀው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው «እትዬ፣ እስቲ አንዴ ይስሙልኝ» ብሎ የመጣው።

«መክፈቻው ላይ ማሲንቆ አለ» አለ። «ከዚያ ሟቹ የተወውን ደብዳቤ አንዲት ተዋናይ ታነበዋለች። ቀጥሎ ጓደኛው እንዴት እንዳገኘው ይናገራል። በጣም ልብ ይነካል።»

«የማንን ልብ?»

«የአድማጩን።»

«አድማጩ ስንት ነው?»

«አንዳንዴ አርባ ሺህ ይደርሳል።»

«ከአርባ ሺው ውስጥ ማታ ብቻውን ተጋድሞ፣ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚያዳምጥህ ስንቱ ነው? ባለፈው ወር ራሱ ሊሞት አስቦ የነበረውስ?»

ወጣቱ ዝም አለ። አዛውንቷም መልስ አልጠበቁም፤ ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል ነገር ጠየቁት።

«መርዶ ሲነገር አይተህ ታውቃለህ?»

አይቷል። የእናቱ ወንድም ጎንደር የሞተ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ወሬውን ከእናቱ ቀድሞ በስልክ ሰምቶ ነበር። ያን ማታ አንዲት ሴት ደውላ ስለ ሌላ ጉዳይ እያወራች በመሐል እራት መብላቷን ጠየቀቻት። ሌላው ለሥራ አለቃዋ ደውሎ በማግሥቱ እንደማትገባ ነገረ። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስድስት መኪና መብራቱን አጥፍቶ ከሕንፃው ሥር ተሰለፈ። እናቱ ደም ግፊት ስላለባት ከመሐላቸው አንዷ ነርስ ነበረች። በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ሰዎች በዚያ ሰዓት ሲታዩ ነገሩ ሳይነገር ተነገረ።

«አየህ፣ ያን ዜና አፍ አውጥቶ መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም» አሉ አዛውንቷ። «ሰዎቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለፉበት። ጭንቀታቸው ‹ምን እንበላት?› አልነበረም። በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ሆና፣ ምን ቀምሳ፣ ከዚያስ ማን አብሯት ይውላል የሚል ነበር። አንተ አርባ ሺህ ሰው ልታረዳ ነው፤ ከነዚያ ሰዎች ጥያቄ አንዱን እንኳ አልጠየቅህም።»

ወጣቱ ግን በዋዛ የሚረታ አይደለም። «መርዶ እኮ የራስ ሰው ሲሞት ነው፣ እትዬ። አድማጩ ሟቹን አያውቀውም። የማያውቀው ሰው ሞት እንዴት ይጎዳዋል?»

አዛውንቷ ወደ ቪየና ወሰዱት።

የኦስትሪያ ዋና ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጣቢያዎቹ ራሳቸውን የሚያጠፉና የሚሞክሩ ሰዎች ቁጥር በድንገት አሻቀበ። የከተማዋ ጋዜጦች እያንዳንዱን ሞት በትልቅ ርእስና በፎቶግራፍ ያወጡት ነበር፤ ስሙ፣ ጣቢያው፣ ሁኔታው ምንም አይቀርም። አንባቢው ሟቾቹን አያውቃቸውም። የኦስትሪያ ራስን ማጥፋት ተከላካይ ማኅበር ባለሙያዎች ግን የጋዜጣውን ርእስና የሟቾቹን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ፤ በ1987 አጋማሽም ለአዘጋጆቹ የዘገባ መመሪያ አቀረቡ። ፊት ገጽ ላይ አታውጡት፣ አኳኋኑን አትዘርዝሩ፣ ምክንያቱን በአንድ ቃል አትቋጩት፣ ርእሱ ላይ «ራስን ማጥፋት» የሚለውን ቃል አትጻፉ፣ ሰው እርዳታ የት እንደሚያገኝ ንገሩ የሚል ነበር። ሕግ አልነበረም፤ ማንንም አላስገደደም። አዘጋጆቹ ተስማሙ። ከዚያ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ ሁለተኛው በጣቢያዎቹ የደረሰው የሞትና የሙከራ ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ወረደ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ዝቅ እንዳለ ቆየ።

«ባቡሩ ያው ባቡር ነው» አሉ። «ጣቢያው ያው ነው። የተለወጠው አነጋገሩ ነው።»

«የአንድ ከተማ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ፤ ክርክሩን እንደ ወደዱት ፊታቸው ያስታውቃል። «ስለዚህ ሌሎችም ቆጠሩ።» በ2020 ከየአገሩ የተሰበሰቡ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመዘኑ፣ የታወቀ ሰው ራሱን ማጥፋቱ በሰፊው ከተዘገበ በኋላ ባለው ጊዜ በሕዝቡ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሞት በአማካይ 13 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዘገባው ሰውየው የሞተበትን መንገድ የጠቀሰ ከሆነ ደግሞ በዚያው መንገድ የሚደርሰው ሞት በ30 በመቶ ጨመረ። ነገሩ ስም ካገኘም ቆይቷል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዴቪድ ፊሊፕስ በ1974 «የቬርተር ተፅዕኖ» ብሎ የጠራው ጀርመናዊው ጎተ በ1774 ባሳተመው ልቦለድ ባለታሪክ ስም ነው፤ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ላይፕሲግ ከተማ እንዳይሸጥ የከለከለችው ወጣቶች ባለታሪኩን እየተከተሉ ነው በሚል ስጋት ነበር።

ወጣቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እንግዲያውስ ዝም ማለት ይሻላላ! እኔ እኮ የተነሣሁት ዝምታውን ልሰብር ነው። ፍትሐት እንዳይከለከል እየተፈራ ‹በድንገት ሞተ› ይባላል። ቤተሰቡ ደብቆ ይቀብራል፣ ደብቆ ያለቅሳል። ከዚያ ሌላው ይደገማል።»

«ማን ዝም በል አለህ? መርዶ ነጋሪዎቹ ዝም አሉ?»

ዝምታ ለተቸገረ ሰው መጠለያ እንደማይሆንም በጥናት ታይቷል። በ2005 በኒውዮርክ ግዛት በስድስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2,300 በላይ ተማሪዎች የተካፈሉበት ጥናት ወጣ። ግማሾቹ ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ በቀጥታ ተጠየቁ፤ ግማሾቹ አልተጠየቁም። የተጠየቁት ከሌሎቹ የበለጠ አልተጨነቁም፤ ሐሳቡም በመጠየቃቸው አልተተከለባቸውም። እንዲያውም ቀድሞ የከፋቸው ተማሪዎች መጠየቁ ቀለል ያደረገላቸው መሰለ።

«‹ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?› ብለህ ወንድምህን ፊት ለፊት ብትጠይቀው አትገድለውም። ምናልባት ታተርፈዋለህ» አሉ አዛውንቷ። «አንድን ሰው መጠየቅና ለአርባ ሺህ ሰው ሥዕል መሣል ግን አንድ አይደለም። አንዱ ጆሮ ነው፣ ሌላው ድምፅ ማጉያ።»

ከዚያ ወደ ቃሉ ተሻገሩ። የሬዲዮ ሰው ናቸውና እዚህ ላይ ረዘም አሉ።

«ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር ‹አጠፋ› እንላለን። ዳኛ የፈረደበት ‹ጥፋተኛ› ነው። ‹ራሱን አጠፋ› ስትል ሳታውቀው ሞቱን ከጥፋት ጋር ታስተሳስረዋለህ፤ የሟቹ እናት ያንን ትሰማለች።»

«ታዲያ ምን ልበል? ‹ራሱን ገደለ›?»

«እሱማ ይብሳል። ንጹሕ ቃል የለንም፤ እውነቱን ልንገርህ። እኔ ብሆን ነገሩ እንዳይድበሰበስ አንዴ ‹ራሱን አጠፋ› እልና ከዚያ ወዲያ ‹ሞተ›፣ ‹ሕይወቱ አለፈ› እያልሁ እሄዳለሁ። አንድ ቃል ግን ተጠንቀቅ።»

«የቱን?»

«‹አረፈ›ን።»

ወጣቱ ገረመው። «አረፈ» ከሁሉ የከበረ፣ ለሟች የሚገባ ቃል ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በዝግጅቱ ውስጥም ደጋግሞታል።

«ለሌላ ሟች የከበረ ነው» አሉት። «እዚህ ግን ሕመሙ ሌት ተቀን ዕረፍት የነሳው ሰው ሲሰማህ ‹እሱ አረፈ› ስትለው ምን ነገርኸው? ‹ተገላገለ›ማ በጭራሽ አፍህ አይግባ። ‹ሙከራው ሳይሳካ ቀረ› አትበል፤ ‹ተረፈ› በል። መትረፍ ነው የተሳካው።»

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ወንጀልን የሚያስታውሰውን የራሳቸውን ግሥ እንዲተዉት ለብዙ ዓመታት ሲመከሩ ኖረዋል። ያንን ምክር ቃል በቃል ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው «አረፈ»ን አያገኘውም። ችግሩ ያለው እኛው ቤት ስለሆነ መፍትሔውም ከውጭ ተተርጉሞ አይመጣም።

ወጣቱ ወደ ደብዳቤው ተመለሰ፤ የዝግጅቱ እምብርት እሱ ነው ብሎ ያስባል። «ደብዳቤው እኮ የሰውየው የራሱ ቃል ነው። ማስቀረት እሱን ድጋሚ ማፈን አይሆንም?»

«በዚያ ሰዓት የጻፈው የሰውየው ቃል ሁሉ አይደለም» አሉ። «አርባ ዓመት የኖረ ሰው አርባ ዓመት ሲናገር ኖሯል። አንተ የመረጥኸው የመጨረሻውን፣ ከሁሉ የጠበበውን ሰዓት ነው። ተዋናይ ደግሞ ስታነበው ታሳምረዋለች። ማሲንቆ ሲጨመርበት መልስ ይመስላል።»

ኔትፍሊክስ በመጋቢት 2017 መጨረሻ «ሠርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተባለውን የወጣቶች ተከታታይ ድራማ ሲለቅ አዘጋጆቹ ያሰቡት እንደ ወጣቱ ነበር፤ እውነቱን ሳንሸፋፍን ብናሳይ ያስተምራል አሉ። ባለታሪኳ ከመሞቷ በፊት በቀረጸችው ድምፅ ሁሉንም ትከስሳለች፣ ሁሉም ይሰማታል፣ ሁሉም ይጸጸታል። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ድራማው በተለቀቀ ማግሥት፣ በሚያዝያ 2017፣ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ራስን የማጥፋት ሞት 28.9 በመቶ ከፍ ብሎ እንደታየ ዘገበ። ስሌቱን የተከራከሩ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ድርጅቱ ግን በ2019 ሐምሌ ላይ የሞቷን ትዕይንት ከድራማው ቆርጦ አወጣው። አዛውንቷን የሚያሳስባቸው ከትዕይንቱም ይልቅ ታሪኩ የቆመበት ሐሳብ ነው። የሞተው ሰው ከሞቱ በኋላ ሲሰማ፣ ሲታዘንለት፣ ሲያሸንፍ ማሳየት በሕይወት እያለ ማንም ያልሰማውን አድማጭ ያባብላል።

«ታዲያ ቴዎድሮስስ?» አለ ወጣቱ በድንገት።

አዛውንቷ ሳቅ አሉ። «ይህ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር።»

ጥያቄው የሚታለፍ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ የሆነውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ልጅ የለም። በትምህርት ቤት ይነበባል፣ በመድረክ ይተወናል፣ ልቦለድና ተውኔት ተጽፎበታል። አገር ከሚኮራባቸው ታሪኮች አንዱ የአንድ ንጉሥ በገዛ እጁ መሞት ከሆነ፣ ስለ ጉዳዩ መጠንቀቅ ምን ትርጉም አለው?

«ታሪኩን ሰርዝ አልልህም» አሉ። «እጅ አልሰጥም ማለቱ ታሪክ ነው። ግን እኛ ስንተውነው የመጨረሻዋን ደቂቃ እናጎላና መጋረጃ እንዘጋለን። ከመጋረጃው በኋላ ማን ቀረ?»

«አለማየሁ» አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ።

ልዑል አለማየሁ ያን ዕለት ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወርዱ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። ይህ ሁሉ የንጉሡ ውሳኔ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ የጦርነት ውጤት ነው። ሆኖም አዛውንቷ ያሉት እውነት ነው፤ ጀግንነቱን በምናነብበት ድምፅ ልጁን አንብበነው አናውቅም።

በ2018 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት አንድ ሰው ራሱን ባጠፋ ቁጥር ሰውየውን የሚያውቁ ወደ 135 ሰዎች እንደሚነኩ ገምቷል። እነዚህ የራስ ሰዎች ናቸው። መገናኛ ብዙኃኑ ሲጨመር ቁጥሩን ማን ይቆጥረዋል? በመጋቢት 2012 ቤይሩት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ በአገሯ ቆንስላ ደጃፍ ስትደበደብና ወደ መኪና ስትጎተት የሚያሳይ ቪዲዮ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ከቀናት በኋላ በገባችበት ሆስፒታል ራሷን ማጥፋቷ ተሰማ። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለወራት ዞረ።

«እሱ ባይወጣ ኖሮ ግን ግፉን ማን ያውቅ ነበር?» አለ ወጣቱ።

«ማንም» አሉ አዛውንቷ ሳያቅማሙ። «መውጣት ነበረበት። ማስረጃ ነው። ፖሊስ ይየው፣ ዐቃቤ ሕግ ይየው፣ ጋዜጠኛው አይቶ ይጻፍ። ልጇ ቤይሩት ያለች የወሎ እናት ግን ሃያኛ ጊዜ በስልኳ ብታየው ማን ይፈታላታል? ለእሷ የሚነገራት ሌላ ነው፤ አሠሪ ፓስፖርት መቀማት እንደማይገባው፣ ከፋላ የሚሉት አሠራር ሠራተኛን ከአንድ ቤት ጋር እንዴት እንደሚያስር፣ ልጇ ብትጨነቅ ለማን እንደምትደውል። ያቺ በቪዲዮው የታየችው ልጅ ‹ተስፋ ቆርጣ ሞተች› ብለህ ብቻ ብትዘጋው ግፉን ሁሉ እሷ ላይ ጫንኸው።»

ወጣቱ እዚህ ላይ መከላከያውን አቀረበ። መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ አለው፤ «ይህ ዝግጅት ለአንዳንድ አድማጮች ከባድ ሊሆን ይችላል» ይላል። ያ አይበቃም?

አይበቃም። በ2023 ስለ ማስጠንቀቂያዎች የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ላይ ተመርምረው ነበር። ማስጠንቀቂያው ሰዎች በኋላ የሚሰማቸውን ሕመም አልቀነሰም፤ ብዙዎቹም ትተው አልሄዱም፤ ከመስማታቸው በፊት የነበረውን ስጋት ግን ከፍ አደረገው። አዛውንቷ ቢሆንም ተወው አላሉትም። «ማስጠንቀቂያ በር ነው። በሩን ካሳየህ መውጫውንም አሳይ። ‹ከዚህ ደቂቃ እስከዚህ ደቂቃ ስለ አሟሟቱ ይነገራል፤ መዝለል ትችላላችሁ› በል። ከሁሉ በላይ ግን ሽታው የከፋ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀምጠህ ‹አፍንጫችሁን ያዙ› አትበል። አውጣው።»

ከዚያ ያልጠበቀውን ጠየቁት። «ስንት ሌሊት ነው ያልተኛኸው?»

አልነገራቸውም ነበር። ደብዳቤውን ከማሲንቆው ጋር ሲያስማማ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሰምቶታል። አሁን መኪና ሲነዳ አረፍተ ነገሮቹ በተዋናይዋ ድምፅ ይመጡበታል። ተዋናይዋም ከቀረጻው በኋላ ስልክ ማንሳት አቁማለች፤ ሥራ የበዛባት መስሎት ነበር።

አዛውንቷ ስለዚህ ነገር በጥናት አልተናገሩም። የሆስፒታል አስተርጓሚ በሽተኛው የተናገረውን በራሱ አፍ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሕመምተኛው «መኖር አልፈልግም» ካለ አስተርጓሚዋ ወደ ሐኪሙ ዞራ «እሱ መኖር አልፈልግም ይላል» አትልም፤ በእንግሊዝኛ «መኖር አልፈልግም» ነው የምትለው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ምክንያትም አለው፤ ቃሉ ሳይሸራረፍ እንዲደርስ ነው።

«አንድ መጸው ላይ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ሰው ገጠመኝ» አሉ። «አራት ጊዜ በገዛ አንደበቴ መሞት እፈልጋለሁ አልሁ። ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ይወያያል፣ በሽተኛው አልጋ ያገኛል፣ እኔ ካርዴን መትቼ ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ። አንድ ማታ ቁልፉን ሳላዞር አንድ ሰዓት ተቀመጥሁ። ያ መሥሪያ ቤት ‹ደህና ነሽ ወይ?› ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ከሌላ አስተርጓሚ ጋር ተስማማንና እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመን እንደዋወል ጀመር። ስለ በሽተኛው አናወራም፤ ምስጢር ነው። ‹ዛሬ ከባድ ነበር› እንባባላለን፣ ምን እንደምንበላ እናወራለን።»

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ለተዋናይዋ አጭር መልእክት ላከ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላሳያቸውም።

«መጥፎውን ሁሉ ነገሩኝ» አለ ከዚያ። «ምን ልጨምር ታዲያ? ባዶ ሊቀር ነው።»

ይህን ሲጠይቅ ጨዋታው እንደገና ወደ ቪየና ተመለሰ። ሞዛርት «አስማታዊው ዋሽንት» የተባለውን ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በ1791 በዚያችው ከተማ ነበር። በውስጡ ፓፓጌኖ የሚባል ወፍ አጥማጅ አለ፤ የሚወዳትን አጣሁ ብሎ ሊሞት ሲል ሦስት ልጆች መጥተው የረሳውን ደወል እንዲመታ ያስታውሱታል። የቪየናው ተመራማሪ ቶማስ ኒደርክሮተንታለርና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት በ2005 የመጀመሪያ ስድስት ወራት በኦስትሪያ የታተሙ 497 ዘገባዎችን መርምረው ነበር። ሰው ሐሳቡ መጥቶበት ክፉ ቀኑን እንዴት እንደተሻገረ የሚተርኩ ዘገባዎች ከወጡ በኋላ የሞቱ ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። ስሙንም «የፓፓጌኖ ተፅዕኖ» አሉት።

«ወፍ አጥማጁ ለአንተ አድማጭ ሩቅ ነው» አሉ አዛውንቷ። «እዚሁ ጌይተርስበርግ ያደገውን ልጅ ግን ታውቀዋለህ።»

ወጣቱ ያውቀዋል፤ ራፐሩ ሎጂክ ነው። በ2017 የለቀቀው ዘፈን ርእሱ የአሜሪካው የቀውስ መስመር ስልክ ቁጥር ነበር፤ ታሪኩም ሊሞት አስቦ ደውሎ፣ ተሰምቶ፣ መኖርን ስለመረጠ ሰው ነው። ዘፈኑ ሲወጣና በሁለት ታላላቅ የሽልማት መድረኮች ላይ ሲቀርብ ከፍተኛ ትኩረት ባገኘባቸው 34 ቀናት ውስጥ ወደ መስመሩ ከተጠበቀው በላይ 9,915 ጥሪዎች ገቡ፤ በነዚያው ቀናት ከተጠበቀው 245 ያህል ያነሰ ሰው ሞተ። ጥናቱ የወጣው በ2021 መጨረሻ ነው።

«እሱም ስለ ሞት ነው የዘፈነው» አለ ወጣቱ ለራሱ ያህል።

«ከሞት አጠገብ ስለመመለስ ነው የዘፈነው። አንተ ከተመለሱት ሰዎች አንድ እንኳ ቀርጸሃል?»

አልቀረጸም። ግን አንድ አለ። ያ እንዴት እንዳገኘው የሚናገረው ጓደኛ፣ ማይክሮፎኑ ከተዘጋ በኋላ፣ እሱ ራሱ ከዓመታት በፊት በዚያ ጫፍ ቆሞ እንደነበርና አንድ የሥራ ባልደረባው ሐኪም ቤት ወስዶት እንደተሻለው ነግሮታል። ወጣቱ ያንን ከርእሱ የወጣ ወሬ ነው ብሎ አልመዘገበውም።

አዛውንቷ ምንም አላሉም። ወረቀትና እስኪርቢቶ ብቻ አመጡ።

ሥራው ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ማሲንቆው ወጣ። ደብዳቤው ወጣ፤ ለእኅቱ ይመለሳል። በምትኩ እኅቱ ወንድሟ መኪና ሲያስተምራት እንዴት ይቆጣት እንደነበር እየሳቀች የምትናገርበት አራት ደቂቃ መክፈቻ ሆነ። ጓደኛው ከፈቀደ የራሱን መንገድ እንደገና ይቀረጻል፤ ያገኘበት ቀን ዝርዝር ይቀራል። «ሥራ በማጣቱ ምክንያት» የምትለዋ ሐረግ ተሰረዘች፤ ሥራ ያጣ ሁሉ ስለማይሞት፣ የሞተውም በአንድ ነገር ብቻ ስለማይሞት። ስልክ ቁጥሩ ላይ ደግሞ ተከራከሩ። ወጣቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር ያስቀመጠው። አዛውንቷ መጨረሻ ድረስ የማይቆይ አድማጭ አለና መጀመሪያም መሐልም ይግባ አሉ። አሜሪካ ላለ ሰው ከሐምሌ 2022 ጀምሮ 988 ነው፤ በድምፅም በጽሑፍ መልእክትም ይሠራል፣ ደውሎ እንግሊዝኛ የማይቀናው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። እንግሊዝ 116 123፣ እስራኤል 1201። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ 988ን ቢደውል የትም ስለማይደርስ ለእሱ የሚነገረው ሌላ ሆነ፤ የተጨነቀውን ሰው ብቻውን እንዳይተዉት፣ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል እንዲወስዱት፣ አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል እንዳለ።

«እኅቱ ሙሉውን ከመለቀቁ በፊት ትስማ» አሉ አዛውንቷ። «ብቻዋን አይደለም። እናቷ ቤት፣ ሰው ባለበት። ይቅር ካለች ይቀራል።»

«ይቀራል» አለ ወጣቱ፤ እንደ ከበደው ድምፁ ይናገራል። «ከተስማማችስ መቼ ልልቀቀው? ብዙ ሰው የሚሰማው ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው።»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

«አድማጩ በግማሽ ይቀንሳል፣ እትዬ።»

«ይቀንስ። ጠዋት ሰው ተነሥቷል፣ ቤቱ ሰው አለ፣ ቡና ይፈላል።»

ወጣቱ ቀኑን ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ላፕቶፑን ሊዘጋ ሲል እጁ ቆም አለ። «የሚመጣውን መልእክት ማን ያነበዋል? አንዳንዱ ሌሊቱን ጠብቆ የሚጽፍ ነው።»

«ቀኑን እኔና አንተ። ሌሊቱን ለማን እንደምናስረክብ እስከ ዓርብ እንፈልጋለን፤ አንዲት የማውቃት ነርስ አለች» አሉ አዛውንቷ፤ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰቡ። «ቻርጀርህን ይዘህ ና። የእኔ ስልክ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።»